የዜሮው ምስክርነት

የተወለደበትን ቀን የማያውቅ ሰው መታወቂያ ለማውጣት ቀበሌ ሲሄድ ጸሐፊው ብዙ አይጨነቅም። «መስከረም አንድ» ብሎ ይጽፍለታል። በዚህም ምክንያት የአንድ መንደር ግማሽ ሕዝብ በዘመን መለወጫ ዕለት የተወለደ ይመስላል። ማንም አልተጎዳበትም፤ ማንም አልከሰሰም። ባዶ ቦታ አንወድም። ቅጽ ላይ ክፍት መስመር ካየን ብዕራችን ይቸኩላል። ልማዱ ቀላል መስሎን አብረነው ኖረናል። አንድ ቀን ግን ከወረቀት ወደ ማሽን ተሻገረና ኮምቦልቻ ላይ የአንድን ሰው ሁለት እጆች አቃጠለ፤ አልፎም ስሙን ሊያጠፋ ጥቂት ቀረው። የምንተርከው ይህንን ነው።

ሚስባህ ደሴ ፒያሳ፣ ከአንድ ካፌ በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራመር ነበር። ቢሮው ሦስት ሰው ብቻ ነበረው፤ ባለቤቱ ወንድምአገኘሁ፣ አብራው ኮድ የምትጽፈው ሊድያና እሱ። አንድ የኮምቦልቻ ጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ የማሽኖቹን ሁኔታ በስክሪን የሚያሳይ ፕሮግራም ሲያዝዛቸው ሥራው ለሚስባህ ተሰጠ።

ሚስባህ ማሽኑን ለማወቅ ሦስት ቀን ኮምቦልቻ ወረደ። ደሴ ላይ የለበሰውን ጃኬት የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ እያወለቀ፣ ሲመለስ እየለበሰ ሦስት ቀን ተመላለሰ። ያስተማረው ሳዲቅ የሚባል፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በማቅለሚያ ክፍል የሠራ የደጋን ከተማ ሰው ነበር። ሳዲቅ ምሳውን አካፈለው፤ የማሽኑንም ጠባይ አንድ በአንድ ነገረው።

«ይህ ማሽን እንደ በቅሎ ነው፤ ደህና ቆሞ ቆሞ ይራገጣል» አለው፣ የብረቱን ሆድ መታ መታ እያደረገ። «ውስጡ የፈላ ቀለም አለ፤ እንፋሎቱ ይገፋዋል። ግፊቱ ዜሮ ሳይገባ የክዳኑን ብሎን የነካ ሰው፣ ወላሂ፣ ቤቱ በእግሩ አይገባም።»

«ግፊቱን በምን ያውቃሉ?»

ሳዲቅ ከማሽኑ ጀርባ ወዳለች አጭር የብረት መሰላል ወሰደው። ወጣና በእንፋሎት የደበዘዘውን የግፊት መለኪያውን የጌጁን መስታወት በእጅጌው ጠርጎ መርፌውን አሳየው። በቀን ሃያ ጊዜ እንዲህ ይወጣ ነበር።

«ጋሽ ሳዲቅ፣ ከእንግዲህ መሰላል የለም» አለው ሚስባህ። «ስክሪኑ እዚሁ ፊት ለፊትዎ ሆኖ ይነግርዎታል።»

«ማሻአላህ! ለእኔ ሳይሆን ለጉልበቴ ነው የደረስክለት።»

ፕሮግራሙ ተሠርቶ ለፋብሪካው ኃላፊዎች በሚታይበት ቀን ግን ነገር ተበላሸ። የአንድ ሠራተኛ ስልክ ቁጥር ሳይሞላ ቀርቶ ነበር። ፕሮግራሙ ያንን ባዶ ቦታ ሲያገኝ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ስክሪኑ በሙሉ በቀይ ጽሑፍ ተሞላ። ኃላፊዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ወንድምአገኘሁ አንገቱን በመሐረብ ጠረገ። በመመለሻው መንገድ ሐረጎ ሲደርሱ «ሁለተኛ ቀይ ነገር እንዳላይ» አለ። «ባዶውን በምንም ሙላው፣ በምንም!»

በማግሥቱ ጠዋት ሚስባህ መላ አገኘ። ፕሮግራም ሲጻፍ እያንዳንዱ ነገር የሚቀመጥበት ቦታ አለው፤ የሠራተኛው ስም፣ የፈረቃው ሰዓት፣ የውኃው ሙቀት፣ የእንፋሎቱ ግፊት። አንዳንዴ ቦታው ባዶ ይሆናል፤ ሰው ሳይሞላው ቀርቶ፣ ወይም ሽቦ ተቋርጦ። ጠንቃቃ ፕሮግራመር ከመጠቀሙ በፊት «ውስጥህ ነገር አለ ወይ?» ብሎ ይፈትሻል፤ ከሌለም ምን እንደሚደረግ ለየነገሩ ይወስናል። ሚስባህ ይህን በመቶ ቦታ ከመጻፍ ብሎ፣ ምን ዓይነት ነገር ቢሰጡት የሚቀበል አንድ አጭር ኮድ ጻፈ። ስም ይሁን ቀን፣ ሙቀት ይሁን ግፊት፣ አይመርጥም። የመጣለትን ያያል፤ ባዶ ከሆነ በጽሑፍ ፋንታ ክፍት ቦታ፣ በቁጥር ፋንታ ዜሮ ይተካል። ስሙን «ጠጋኝ» አለው።

የሚጽፍበት የኮምፒውተር ቋንቋ ራሱ ነገሩ አልተዋጠለትም። ከመስመሩ ሥር ቢጫ አስምሮ፣ ይህ ነገር ባዶ ሊሆን እንደሚችል አስጠነቀቀው። ሚስባህ በመስመሩ መጨረሻ ላይ አንዲት ቃለ አጋኖ ጨመረ። ያቺ ምልክት በዚያ ቋንቋ «እኔ አውቃለሁ፣ አንተ ዝም በል» ማለት ናት። ቢጫው ጠፋ።

ሊድያ ኮዱን ስታነብ ወንበሯን አዞረች።

«አንተ ሚስባህ፣ ይህ ጠጋኝህ ለግፊትም ነው የሚሠራው?»

«ለሁሉም ነው እንጂ። ሸጋነቱ እኮ እሱ ነው።»

«ለስልክ ቁጥር ይሁን፣ ግድ የለም። ግፊት ላይ ግን ዜሮ ማለት ባዶ ማለት አይደለም። ዜሮ ‹ክፈት› ማለት ነው።»

«የአባቴ መታወቂያ መስከረም አንድ ይላል። እና ሰውየው አልተወለደም?»

«አባትህ እንፋሎት የለባቸውም» አለችው። ሁለቱም ሳቁ። እሷ ግን ሳቋን ቶሎ ገታች። «ካልታወቀ ‹አይታወቅም› ብሎ ይጻፍ። ምን አለበት?»

ወንድምአገኘሁ ከጠረጴዛው ሳይነሣ ጣልቃ ገባ፤ «ደንበኛ ‹አይታወቅም› የሚል ማሽን ፍለጋ እኛ ጋ አይመጣም። አይታወቅም ማለቱንማ ራሱም ይችልበታል!»

«ለግፊቱ ለብቻው እመለስበታለሁ፣ ኢንሻአላህ» አለ ሚስባህ። ከኮዱ ጎንም «ግፊት፦ ቆይቶ ይታይ» የሚል ማስታወሻ ጻፈ። አልተመለሰበትም። ኢንሻአላህን ለሥራ ሳይሆን ለማምለጫ የሚጠራ ሰው እንደማይመለስ እኛም ከራሳችን እናውቃለን።

ፕሮግራሙ ሰባት ወር ያለ አንድ ቀይ ጽሑፍ ሠራ። ሁሉም ወደደው። ሳዲቅ መሰላሉን ተወ።

በሚያዝያ ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የአንዱን ማሽን ግፊት የሚለካው ሴንሰር ሽቦ በሙቀት ደርቆ ኖሮ ተበጠሰ። ከሴንሰሩ ወደ ፕሮግራሙ የሚመጣ ነገር ቀረ። ጠጋኝ ባዶውን አገኘ፤ እንደተማረውም በዜሮ ሞላው። ሳዲቅ ሌላ ማሽን ሲጭን ቆይቶ መጣና ሰባት ወር ሙሉ ያልዋሸውን ስክሪን አየ። አረንጓዴ ዜሮ። የክዳኑን ብሎን መፍታት ጀመረ። ሦስተኛው ብሎን ላይ ሲደርስ የፈላው ሰማያዊ ቀለም በክዳኑ ጠርዝ ፈነዳ። ባልደረቦቹ ሲደርሱ ሁለት እጆቹና ደረቱ ተቃጥለው ነበር፤ ቀለሙ ቁስሉ ውስጥ ገብቶ የቱ ቆዳ፣ የቱ ጨርቅ እንደሆነ መለየት አስቸገረ። ደሴ ሆስፒታል ተኛ።

ፋብሪካው አደጋውን የሚመረምር ኮሚቴ አቋቋመና ከፒያሳው ቢሮ የዕለቱን ሪፖርት ጠየቀ። ሚስባህ ሪፖርቱን አትሞ መስመር በመስመር ተመለከተው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥር ጀምሮ አደጋው እስከ ደረሰበት እስከ ዘጠኝ ተኩል ድረስ ያለው መስመር ሁሉ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ነበር። በሕይወት ያለ ሴንሰር እንዲህ ቀጥ ብሎ አይቀመጥም፤ ማሽኑ ሥራ ሲፈታ እንኳ ከዜሮ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ ይላል። በወረቀቱ ላይ የሚናገረው ማሽኑ አልነበረም። ጠጋኝ ነበር።

«ጋሽ ወንዴ፣ ይህ ዜሮ የእኔ ነው» አለ ወረቀቱን ይዞ። «ሽቦው ሳይበጠስ አይቀርም፤ ሴንሰሩ ምንም አልላከም። ዜሮውን የጻፈው የእኔ ኮድ ነው።»

ወንድምአገኘሁ በሩን ዘጋ። «ስማኝ። የተጠየቅነው ሪፖርት ነው፣ ኑዛዜ አይደለም። ሽቦው የእነሱ፣ ጥገናው የእነሱ። ወረቀቱን ስጥና ና። ሳይጠይቁት የሚመልስ ሰው ራሱን ብቻ አይደለም የሚያጠፋው፤ እኔንም ሊድያንም ነው።»

ሚስባህ ወረቀቱን ሰጠ፤ ኮሚቴው ፊትም ተቀመጠ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ፣ ፎርማኑ ሞላልኝ፣ ሪፖርቱን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያነበበውን የሚያምን ሰው ነበር።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ። «ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ማሽኑ ግፊት የለውም። ግፊት ከሌለ ቀለሙ በራሱ አይፈነዳም። ስለዚህ ሳዲቅ ክዳኑን ከፈታ በኋላ የእንፋሎቱን ቫልቭ ራሱ ከፍቶታል። ቸኩሎ ነው። በዚህ ዓይነት ጥፋት ደግሞ ሰው ከሥራ ይሰናበታል፤ ሌላው እንዲማርበት።»

ሚስባህ የሚናገርበት ጊዜ ይህ ነበር። ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ጊዜውን አሳለፈው። ኮሚቴው ውሳኔውን በሚቀጥለው ሳምንት እጽፋለሁ ብሎ ተነሣ።

በበሩ ላይ የሳዲቅ ሚስት ነጂባ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ኮሚቴው ያለውን ሰምታለች። ሚስባህን ስታይ ነጠላዋን አስተካክላ ቀረበችው።

«ልጄ፣ የተማርከው አንተ ነህ፤ አስረዳኝ። ሳዲቅ ‹ዜሮ አይቼ ፈታሁ› ይላል። ወረቀቱም ዜሮ ነው ይላል። ሁለቱ አንድ ነገር እያሉ እንዴት ነው ወረቀቱ ባሌ ላይ የሚመሰክረው? ማሽኑ ሊሳሳት አይችልም ወይ?»

ከኮሚቴው ውስጥ አንድም ሰው ይህን ጥያቄ አልጠየቀም ነበር።

«አላውቅም፣ እትዬ ነጂባ» አላት።

ልብ በሉ። ማሽኑ አላውቅም ማለት ሲገባው ሚስባህ እንዳይል ከለከለው። ራሱ እያወቀ ግን አላውቅም አለ። ያን ቀን ሐረጎን ሲወጣ ጃኬቱን መልበስ ረሳ፤ ብርዱም አልተሰማው። የሚሰማው የፊቱ ሙቀት ብቻ ነበር።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ብርቱካን ገዝቶ ሆስፒታል ሄደ። የሄደው ለመናዘዝ አልነበረም፤ ጠይቆ ለመመለስ ነበር። የታመመን ጠይቆ ልቡን ማቅለል ፈለገ። የሳዲቅ ሁለት እጆች እስከ ክንዱ በፋሻ ተጠቅልለው ትራስ ላይ ተቀምጠዋል። ሚስባህን ሲያይ ፊቱ በራ።

«አንተ ነህ? ደሴ ላይ ዘመድ አለኝ ለካ! ነጂባ መድኃኒት ልታመጣ ወጥታለች። ብርቱካኑን እዚያ አድርገው፤ እጅ ያለው ሰው ሲመጣ ይላጥልኛል» ብሎ ሳቀ።

«አላህ ያሽርዎት፣ ጋሽ ሳዲቅ።»

«አሚን። እኔስ ቁስሉ አይደለም ያስጨነቀኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወረቀቱን ነጂባ ነገረችኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ሌት ተቀን ሳስበው ግን … ምናልባት ከፍቼው ይሆናል፣ ቫልቩን። ከፈትኩ ብዬ አላስታውስም። ግን ወረቀት ምን ቂም ይዞብኝ ይዋሻል? ሲጠይቁኝ ደግሞ ‹ወላሂ አልነካሁም› ብዬ ምዬላቸዋለሁ። በውሸት ምዬ ከሆነስ? የሐሰት መሐላ ማካካሻውን፣ ከፋራውን፣ ሦስት ቀን ልጾም ነበር። ሐኪሙ ‹በዚህ መድኃኒት ላይ አይሆንም› አለኝ። እንደዳንኩ እጾማለሁ።»

ሚስባህ ብርቱካኑን እንደያዘ ቀረ። እጁን ማቃጠሉ አንድ ነገር ነበር። ይህ ሰው ግን በገዛ ትዝታው ላይ መጠራጠር ጀምሯል፤ እውነት ስለማለ ለመጾም ተነሥቷል።

«አይጹሙ» አለ። «የማሉት እውነት ነው። ቫልቩን አልከፈቱም።»

ከዚያም ስለ ቀዩ ጽሑፍ፣ ስለ ጠጋኝ፣ ሊድያ ስላለችው፣ ስለዚያች ቃለ አጋኖ፣ በመጨረሻም ኮሚቴው ፊት ስለ ዝምታው ነገረው። ነጂባን «አላውቅም» እንዳላትም አልደበቀም። ሳዲቅ ጣሪያውን እያየ ሰማው።

«አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሽ ሳዲቅ።»

«ይህን ለማን ነገርክ?»

«ለእርስዎ።»

«እኔማ ወረቀትህ እስኪመጣ ድረስ አውቀው ነበር። የማያውቁት እነሱ ናቸው።» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «አውፍታ እንዲህ በጓዳ አይጠየቅም። እነሱ ፊት ተናገርና ከዚያ ና።»

ሚስባህ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ ሊወርድ ሲነሣ ለወንድምአገኘሁና ለሊድያ ደወለ። ወንድምአገኘሁ «ከሄድክ እዚህ ቢሮ አትመለስ» አለው። መነኻሪያ ሲደርስ ግን ሊድያ ቆማ ጠበቀችው።

«አንቺ ደግሞ ምን አደረግሽ?»

«አንድ ጊዜ ተናግሬ፣ ስቄ ተውኩት» አለች። «እሱም ጥፋት ነው።»

ማቅለሚያ ክፍል ውስጥ በሚስባህ ልመና ኮሚቴውም የፈረቃው ሠራተኞችም ተሰበሰቡ። ሚስባህ ብዙ አልተናገረም። አንድ ማሽን በሥራ ላይ እንዳለ ሞላልኝ መሰላሉን ወጥቶ ጌጁን እንዲያነብ ለመነው።

«ሁለት» አለ ሞላልኝ ከላይ። ስክሪኑም ሁለት ይላል። ሚስባህ የሴንሰሩን ሽቦ ከማያያዣው ነቀለ። ስክሪኑ ለቅጽበት እንኳ አላመነታም፤ አረንጓዴ ዜሮ አሳየ። ማሽኑ ግን ክዳኑ ሥር እየተንተከተከ ነበር።

«ጋሽ ሞላልኝ፣ መርፌው ስንት ይላል?»

«ሁለት … ሁለት ነው።»

«ስክሪኑ ግን ዜሮ ይላል። አሁን ክዳኑን ይፈቱታል?»

ሞላልኝ ከመሰላሉ ወርዶ ስክሪኑን አየ። ከዚያ ሳያውቀው ከማሽኑ አንድ እርምጃ ወደኋላ ሸሸ። ሌላ መልስ አላስፈለገም።

«ይህን በስብሰባው ቀን ታውቅ ነበር?» ሲል ጠየቀ።

«አውቅ ነበር።»

«አውቀህ ነው ፊቴ ቁጭ ብለህ ዝም ያልከኝ? እኔ በአንተ ወረቀት ሰው ልወነጅል፣ ሰው ላባርር?»

«አዎ።»

ከሠራተኞቹ መካከል አንዲት ሴት ጮክ ብላ፣ «ማሽኑስ ሽቦ ተበጥሶበት ነው። አንተ ምንህ ተበጥሶ ነው?» አለች። ማንም አልሳቀም። ሚስባህ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ሞላልኝም ቢሆን ከዚያ በኋላ ሚስባህን አልተቆጣም። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ እያሻሸ፣ «እኔም መሰላሉን ወጥቼ አላየሁም» አለ።

ኮሚቴው ሳዲቅ ጥፋት እንደሌለበት ጻፈ። ሚስባህና ሊድያ ጠጋኝን ከኮዱ ውስጥ እየነቀሉ አወጡት፤ መቶ አርባ ቦታ ተሰክቶ ነበር። በየቦታው «ይህ ባዶ ቢሆን ምን ማለት ነው? ማንን ይጎዳል?» እያሉ ለየብቻው መልስ ሰጡት። ስልክ ቁጥር ባዶ ከሆነ ባዶ ይሁን። ግፊት ባዶ ከሆነ ግን ስክሪኑ በቀይ «አይታወቅም» ይላል፤ ሰው መሰላሉን ወጥቶ መርፌውን እስኪያይ ድረስ ማንም ክዳኑን አይነካም። ወንድምአገኘሁ ሁለት ሳምንት ሚስባህን ቢሮ አላስገባውም። በሦስተኛው ሳምንት ራሱ ደውሎ፣ «ሌሎቹም ደንበኞቻችን ጋ ያለውን ጠጋኝ አውጣው» አለና ዘጋ።

ነገሩን የኮምፒውተር ሰዎች ጉዳይ ብቻ አድርገን እንዳናየው። ያልለካነውን ሙቀት «ደህና ነው» ብለን የምንመዘግብ፣ ያልጎበኘነውን ድልድይ «ተጎብኝቷል» ብለን የምንፈርም፣ የተማሪውን ክፍት ውጤት ገምተን የምንሞላ ሁሉ ጠጋኝ ጽፈናል። ባዶ ቦታ ያስጠይቃል፤ ሰውን መሰላል ያስወጣል። በግምት የተሞላ ቦታ ግን ማንንም አያስጠይቅም፤ ጠያቂ ያጣ ውሸት ደግሞ ሲውል ሲያድር ምስክር ይሆናል።

ነጂባ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ በባሏ ፋይል ውስጥ ያለው ወረቀት እንዲታረም። ሚስባህ ሊያርመው ሲቀመጥ እውነተኛው ግፊት ስንት እንደነበር ፈልጎ አላገኘም። ጠጋኝ ባዶውን በዜሮ ሸፍኖ አስቀምጦት ነበር። ከሰባት ወር ዜሮዎች መካከል የትኛው የማሽኑ፣ የትኛው የእሱ እንደሆነ ለብዙዎቹ ዛሬም መለየት አይቻልም። ስለዚህ ለእነዚያ ሰዓታት ዜሮውን በሙሉ ሰርዞ በየመስመሩ «አይታወቅም» ብሎ ጻፈ። ከግርጌው በእጁ ጽሑፍ እንዲህ ሲል ጨመረ፦ «በእነዚህ ሰዓታት ግፊቱ ስንት እንደነበር ማሽኑ አያውቅም። ዜሮ ያልኩት እኔ ነኝ።» ሙሉ ስሙን ጽፎ ፈረመበት።

አንዱን ቅጂ ሆስፒታል ወሰደው። ነጂባ ወረቀቱን ዘርግታ ከሳዲቅ ዓይን ፊት ያዘችለት። ሳዲቅ ቀስ ብሎ አነበበው፤ ከግርጌ ያለውን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«እንግዲህ ከፋራ የለብኝም» አለ ለሚስቱ። ከዚያ ወደ ሚስባህ ዞረ። «አውፍ ብዬሃለሁ።»

በእኛ አገር አውፍ ያለ ሰው እጁን ይዘረጋል። ሳዲቅም ከልማድ ክንዱን ከትራሱ ሊያነሣ ሞከረ፤ ፋሻው ግን ጥቂት ብቻ ተንቀሳቅሶ ተመልሶ ወደቀ።

ሚስባህ ዓይኑን ከዚያ ላይ አላነሣም።